የተዋበች ጭስ ማውጫና የእኔ ጡረታ

አሁን እኔ ምን አግብቶኝ ነው ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ጭስ ማውጫ ውስጥ ጭንቅላቴን ስከት የኖርኩት? እኩዮቼ ማኅበር ይጠጣሉ፣ ልጅ ይድራሉ፣ ጉልበታቸውን ቅባት ይቀባሉ። እኔ ጥቀርሻ ለብሼ ከሰው ሳሎን ስወጣ ሕፃናት "ጅብ!" እያሉ ይሮጣሉ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አንድ ቀን በር ላይ አይቶኝ "ማንን ፈልገሽ ነው?" ብሎኛል። አልፈርድበትም፣ ከጥርሴ በቀር የሚታወቅ ነገር አልነበረኝም። ዛሬማ ጥርሱም የለ።

ፊደል አልቆጠርኩም። የልጅ ልጄ ናት ስልኳን ፊቴ ላይ ደቅና "አያቴ፣ ጡረታ ወጥተሽ የለ፣ የሥራሽን ነገር አውሪ" ያለችኝ። ጡረታ ትላለች! እኔን ጡረታ ያወጣኝ ጉልበቴ ነው። መሰላል ላይ ቆሜ "ቋ" ሲል ጊዜ "እሺ ጌታዬ" ብዬ ወረድኩ። ደግሞ የዛሬ ልጆች የብረት ቱቦ ከላይ ሰድደው ቀጥ ያደርጉታል፣ ጭቃ የሚፈልግ የለም። ይቅናቸው። ግን የመጨረሻ ሥራዬን፣ የጎረቤቴን የተዋበችን ጭስ ማውጫ፣ ሳላወራ አልሞትም። ተዋበች አራስ ልጇን በገዛ ቤቷ ማረስ መቻል አለመቻሏ በእኔ ጭቃ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

እሱ ሱሉልታ ነው። መጀመሪያው ግን ቡራዩ ነው።

ቡራዩ ገና ልጅ ሆኜ የተዳርኩበት አገር ነው። ሥራችን ምርጊት ነበር፣ ግድግዳ ላይ ጭቃ መምታት። ሴቶች ተሰብስበን ቀይ አፈርና የጤፍ ጭድ በእግራችን እንረግጣለን፤ ከዚያ ሸፍነን እናስቦካዋለን። እስኪሸት! የቦካ ጭቃ ይሸታል፣ ግን እጅ ላይ እንደ ቅቤ ነው፣ ሲደርቅም አይከዳም። ሳይቦካ የመረገ ሰው ግድግዳው እንደ ተረከዜ ይሰነጣጠቃል።

እንዲህ ስንመርግ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ግንበኛ መጡ። ምድጃና ጭስ ማውጫ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ በበር እንኳ በጎን ነው የሚገቡት። ዞር ዞር ብለው አዩንና እኔ ፊት ቆሙ።

"ይቺ ኢንታላ ትሆነኛለች" አሉ። ኢንታላ በኦሮምኛ ልጅት ማለት ነው።

"ለምን?" አልኩ። ሁለተኛ ሚስት የሚፈልጉ መስሎኝ ደንግጬ።

"ቀጭን ነሽ። ውስጡ ትገቢያለሽ።"

"የምን ውስጥ?"

"የጭስ ማውጫ።"

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በማግስቱ ገባሁ።

አንድ ፎርማን ደግሞ ነበር፣ ጭንቅላቱ ላይ ካለው ባርኔጣ በቀር ምንም ሥራ የማይሠራ። "እኛ ጋ ሴት ጣራ ላይ አትወጣም" አለ። ኦቦ ገመቹ ቀና ብለውም ሳያዩት "ድመትህ ወንድ ናት?" አሉት። ወጣሁ። ክፍያው አንዳንዴ ብር፣ አንዳንዴ ጤፍ፣ አንዳንዴም "እግዜር ይስጥልኝ" ብቻ ነበር፤ እሱን ተዉት።

የጭስ ማውጫ ነገር እንዲህ ነው። ከውጭ ስታዩት ጡብ ነው፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ምንም አልሆነም ትላላችሁ። ውስጡ ግን ይበላል። እኛ የምናነደው ባህር ዛፍ ነው፣ ያውም እርጥቡን። ጭሱ ውስጡን እንደ ቅጥራን ይለብጠዋል፤ ቅጥራኑ ከወፈረ ራሱ እሳት ይይዝና ቤት ያቃጥላል። በጡቡ መሀል ያለው ልስን ደግሞ ይረግፋል፣ ጭሱም በየስንጥቁ ሾልኮ ክፍል ይገባል። መድኃኒቱ ውስጡን ፍቆ አዲስ ልብስ ማልበስ ነው። እኛም "ማልበስ" ነው የምንለው።

ኦቦ ገመቹ ሥራ ሲጀምሩ አንድ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው በጣታቸው ያንኳኳሉ። ሐኪም ደረት እንደሚያንኳኳ። "እዚህ ጋ ባዶ ነው" ይላሉ። ከዚያ የአጋም ቅርንጫፍ ይቆርጣሉ፣ ያ እሾሃሙን። መሀሉን በገመድ አስረው፣ አንዱ ጫፍ ጣራ ላይ ከእሳቸው ጋ፣ አንዱ ጫፍ ታች ከእኔ ጋ። እሳቸው ሲስቡ እኔ እለቃለሁ፣ እኔ ስስብ እሳቸው ይለቃሉ። ጥቀርሻው በሙሉ በእኔ ላይ ይወርዳል። ላይ ሆነው "አለሽ?" ይሉኛል። "ግማሼ አለ" እላለሁ።

ከተፋቀ በኋላ ነው ማልበስ። የቦካው ጭቃ ላይ አሸዋ፣ እበትና የተነፋ አመድ ይጨመራል። እበቱ እሳት ሲነካው ጭቃው እንዳይሸሽ ይይዘዋል። ኦቦ ገመቹ በምላሳቸው ጫፍ ቀመስ ያደርጉ ነበር። እበት ያለበትን! እኔ እስከዛሬ አልቀመስኩም፣ ቀመስኩ ብዬ ግን ዋሽቻቸዋለሁ።

ከዚያ ጆንያ ጭድ ጠቅጥቀን፣ ከቀዳዳው ትንሽ አሳንሰን፣ ክብ አድርገን እንሰፋለን። በገመድ እስከ ታች እናወርደዋለን። ጭቃውን ከላይ እናፈስበትና ሱታ፣ ሱታ እያልን ወደ ላይ እንስበዋለን። ሱታ ማለት ቀስ ማለት ነው። ጆንያው ሲወጣ ጭቃውን ወደ ጎን እየገፋ፣ ስንጥቁን እየሞላ፣ እየለሰነ ይመጣል። ሲያልቅ ውስጡ እንደ እንስራ አንገት ለስልሶ ታዩታላችሁ። የዚያን ጊዜ ኦቦ ገመቹ "ጋሪዳ" ይላሉ፣ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ሌላ ምስጋና የላቸውም። እኔ ለዚያች ለአንዲት ቃል ስል ስንት ጥቀርሻ በላሁ!

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መጠበቅ። ወዲያው እሳት አይነድበትም። በሰፌድ ልክ ሳህን ላይ ትንሽ ፍም ይደረግና ምድጃው ውስጥ ይቀመጣል። በማግስቱ ትንሽ ይጨመራል። ኦቦ ገመቹ በየቀኑ እየመጡ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ያሳርፋሉ፣ አፍንጫቸውን ወደ ምድጃው አፍ ያስገባሉ። "አፈር አፈር ካለ ገና ነው" ይላሉ። ባለቤቶቹ ያብዳሉ። እሳቸው ምን ቸገራቸው።

አሁን የሰበታውን ላውራ፣ ባላወራው ደስ ባለኝ።

ኦቦ ገመቹ ወገባቸውን ታመው ስለተኙ ሰበታ ያለ አንድ የነጋዴ ቤት ብቻዬን ሄድኩ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፣ አየሩ ርጥብ ነው። አለበስኩት፣ አማረልኝ። ፍም ጀመርኩ። ነጋዴው ለካ ሴት ልጁን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡበት ነው። "እማማ፣ ዛሬ ሳሎኑ መሞቅ አለበት" አለኝ።

"ገና ነው፣ ርጥብ ነው" አልኩት።

"ላዩ ደርቋል እኮ፣ ይኸው!" ብሎ በጣቱ ነካ አደረገው።

ላዩ ደርቆ ነበር። ሰውየው ቁመቱና ግርማው ያስፈራል፣ እኔም ደክሞኝ ነበር፣ እሺ አልኩ። ግንዱን አግበሰበሱት።

ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ገቡ። አልተቀመጡም፣ ወጉ ቆሞ ጉዳይን መናገር ነው። የት ይቆማሉ? የሚሞቀው ጋ ነዋ፣ ምድጃው ፊት። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ልጃችሁን ለልጃችን..." ሲሉ ከላይ "ግርርር" አለ። ናዳው ወረደ። እሳቱን ረግጦ፣ አመዱን ተሸክሞ ሳሎን ገባ። ነጭ የለበሱት ጥቁር ሆኑ። ትልቁ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጠርገው ነጋዴውን አዩትና "እምቢ ተብዬ አውቃለሁ፤ እንዲህ ግን ተብዬ አላውቅም" ብለው ወጡ።

ዛሬ ሳወራው ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። የዚያን ቀን ግን ልጅቱ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ። እሷን ሳስብ ሳቄ ይቆማል። ሽማግሌዎቹ ኋላ ተለምነው ተመለሱ፣ ሰርጉም ሆነ። እኔ ግን ሰበታ ላይ "ዘነቡ ናዳ" ተብዬ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ከሰበታ የጠራኝ የለም።

ኦቦ ገመቹ ሲሰሙ ወገባቸውን በነጠላ ጠፍረው ሚኒባስ ተሳፍረው መጡ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ አንገቴን ሰበርኩ። እጄን ያዙና ያልወደቀው ጭቃ ላይ አሳረፉት።

"ምን ይላል?"

"ቀዝቃዛ ነው፣ ኦቦ።"

"ሲቀዘቅዝ ምን እያለሽ ነው?"

"ገና ነኝ እያለኝ።"

"እንግዲህ ነግሮሻል። ባለቤቱን አታዳምጪ፣ እሱን አዳምጪ።" ከዚያ ነጠላቸውን ፈትተው ናዳውን ከእኔ ጋር መዛቅ ጀመሩ።  እሳቸው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እኔ አንድ ሁለት ቤት እያልኩ ቀጠልኩ፣ ባሌ ሲሞት ደግሞ ልጄ ሱሉልታ ወሰደኝ።

ሱሉልታ ብርድ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፣ ላሞቹ ራሳቸው ፀሐይ እስኪወጣ አይነቃነቁም። ጎረቤቴ ተዋበች ናት። ምላሷ ምላጭ፣ ልቧ ወርቅ፤ ምላሷን ግን ቀድማችሁ ታገኙታላችሁ። ሟቹ ባሏ ሹፌር ነበር፣ ከአንድ አገሩ ከሚገባ ፈረንጅ የብረት ምድጃ ገዝቶ መጣ። ጭስ ማውጫውን በጡብ በመኝታ ቤቱ ግድግዳ አሳለፈው፤ ማገሩ ጋ ሲደርስ ማገሩን ላለመቁረጥ ቆልመም አድርጎ ወጣ። ሲያረጅ በየስንጥቁ መኝታ ቤቱን በጭስ ይሞላው ጀመር። ተዋበች ምድጃውን ጨርቅ አልብሳ ቴሌቪዥን አስቀመጠችበት።

ልጇ ሄለን ያለ ቀኗ ወለደች፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል። ሴት ልጅ። እፍኝ አትሞላም። ነርሷ "ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ ያዣት፣ ክፍሉ ይሙቅ፣ ጭስና ከሰል ግን አጠገቧ እንዳይደርስ" አለቻት። አማቹ ደግሞ "ሱሉልታ ትቀዘቅዛለች፣ ሰበታ እናቴ ጋ ትታረስ" አለ።

ተዋበች እኔ ቤት መጣች። ሰላምታም የለ።

"ዘነቡ፣ የበኩር ልጅ በማን ቤት ነው የሚታረሰው?"

"በእናቷ ቤት ነዋ።"

"እና እኔ ምኗ ነኝ? የእንጀራ እናቷ?"

"ምድጃሽ ይጨሳል፣ ተዋቡ።"

"አንቺ ምን ልትሠሪ ነው ታዲያ ሱሉልታ የምትኖሪው?" አለችና ቁጭ ብላ አለቀሰች። ተዋበች ስታለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። ባሏ ሲሞት እንኳ አስለቃሿን ስታርም ነው የዋለችው።

መጀመሪያ ብረት ሠሪውን ጫላን ጠራን፣ ቱቦ እንዲሰድልን። ጎበዝ ልጅ ነው። ጣራ ላይ ወጥቶ አየና "እማማ፣ ቱቦዬ ቀጥ ያለ ነው፣ ይኼ ደግሞ መሀሉ ተቆልምሟል። ወይ ግድግዳው ይፍረስ፣ ወይ እርስዎ ያልብሱት" አለኝ። "እኔ ገመድ እስብሎታለሁ፣ ባርኔጣም እሠራለታለሁ፣ ዝናብ እንዳይገባበት።" አያችሁ፣ ትሕትና ያለው ሰው ሲያዝም ደስ ይላል።

ጭቃውን ረገጥነው፣ ማለት ተዋበች ረገጠች፣ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ አዘዝኳት። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ቀን ነው።

"ግራ እግርሽ ሰነፍ ነው፣ ተዋቡ።"

"ምላስሽ ግን በርትቷል" ትለኛለች።

አስቦካነው። መንደሩ ሸተተ። ጫላ በአጋም ፋቀ፣ እኔ ታች ሆኜ እንደ ዱሮዬ ጥቀርሻዬን ተቀበልኩ። ጆንያው እስከ ቆልማማው ድረስ በደንብ መጣ፣ እዚያ ሲደርስ ግን ተቀረቀረ። ጫላ "ልጎትተው?" አለ። "ኧረ ሱታ!" ብዬ ጮህኩ። ቢጎትተው የለበሰውን በሙሉ ይገፈዋል። መኝታ ቤት ገብቼ በጆሮዬ አዳመጥኩና ቆልማማው ያለበትን ቦታ አገኘሁት። ጡቦቹን ነቃቅለን ጆንያውን በእጄ አሳለፍኩት፣ ክንዴንም አስገብቼ ያንን ጥግ በመዳፌ ለሰንኩት፣ እንደ ቡራዩ ጊዜዬ። ክንዴ ዛሬም ቀጭን ነው፣ እሱ ብቻ ነው ያላረጀው። ከዚያ ጡቦቹን መለስናቸው።

ቴሌቪዥኑን ከምድጃው ላይ አንስተን ፍም ጀመርን። መዳፌን አሳርፋለሁ፣ አሸታለሁ። ታች ደረቀ። መሀሉም ደረቀ። ቆልማማው ግን እምቢ አለ፣ በእጅ ስለለሰንኩት ወፍሯል። አፈር አፈር ይላል።

በዚህ መሀል ሄለን "ነገ ትወጫለሽ" ተባለች። በጠዋት ተዋበች ቤት ስገባ ምድጃው በባህር ዛፍ ግንድ ጢም ብሏል፣ ክብሪቱ እጇ ላይ ነው።

"ተዋቡ፣ ገና ነው።"

"ደርቋል።"

"ላዩ ነው።"

"ልጄ ነገ ትመጣለች! እዚህ ካልሞቀ ባሏ ይወስዳታል!"

ምን ላድርግ? ጉልበት የለኝ፣ ልቀማት አልችል። ሄጄ ምድጃው ላይ ተቀመጥኩበት። በገዛ ቂጤ። "በይ ለኩሺው" አልኳት።

"ተነሺ፣ ዘነቡ!"

"አልነሳም።"

"እለኩሰዋለሁ!"

"ለኩሺ፣ እኔም ብርድ ይዞኛል።"

ክብሪቱን ወረወረችብኝ። አልተለኮሰም። ሄለን በማግስቱ ከነልጇ ሰበታ ሄደች።

ተዋበች አላናገረችኝም። እኔ ግን በየቀኑ እሄዳለሁ። በር ትከፍትልኛለች፣ ፊቷን ታዞራለች። ፍሙን አስተካክላለሁ፣ ግድግዳውን እዳብሳለሁ፣ አሸታለሁ። ለገዛ ቤቴ እንኳ እንደዚያ አልሠራሁም። ተሳስቼ ይሆን? እያልኩ እጨነቃለሁ። ምናልባት ላዩ ደርቆ ውስጡም ደርቆ እኔ ብቻ ሰበታን ፈርቼ እንደሆነስ? አንዲት እናትን ከልጇ የለየኋት በአንድ አሮጌ ናዳ ምክንያት ከሆነስ? ግን መዳፌን ባሳረፍኩ ቁጥር ቆልማማው ይቀዘቅዛል። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም፣ እሱን ጠየቅሁት።

አንድ ጠዋት ቀዝቃዛ አልሆነም። አፍንጫዬን አስገባሁ፤ የሚሸተው አመድ ብቻ ነው።

"ጫላን ጥሪው" አልኳት። እሷም ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ሮጠች።

ጫላ ጣራ ላይ ወጥቶ የጭስ ማውጫውን አፍ በጆንያ ደፈነው። እኔ ታች እርጥብ የባህር ዛፍ ቅጠል አጨስኩ። ይኼ የስንጥቅ መፈተኛ ነው፤ ጭሱ መውጫ ሲያጣ በስንጥቁ ይመጣል። ተዋበች መኝታ ቤት ውስጥ ቆማ ግድግዳውን እያየች ነው። "እህ?" እላለሁ። "ተዋቡ፣ መጣ?" ዝም።  ሄጄ ሳያት ግድግዳው ላይ ጉንጯን ለጥፋ ዓይኗን ጨፍናለች። አንዲት ክር ጭስ የለችም።

ጆንያው ተነሳ። ጧፍ ለኩሼ ምድጃው አፍ ላይ ያዝኳት። ነበልባሏ ወደ ውስጥ ሰገደች። ጭስ ማውጫው ትንፋሽ ሲስብ እንደዚያ ነው። ከዚያ ትንሽ እሳት፣ ቀጥሎ ግንድ። ጫላ ከላይ "እማማ፣ ወጣ! ቀጥ ብሎ ወጣ!" ብሎ ጮኸ። ግድግዳው ቀስ ብሎ ሞቀ፣ መኝታ ቤቱ እንደ ሰው ብብት ሆነ። ጋሪዳ፣ አልኩ ለራሴ። የሚልልኝ ስለሌለ።

ሄለን ከነልጇ መጣች። የሰበታዋ አማት ራሷ ናት ይዛት የመጣች፤ ክፍሉን በእጇ ዳብሳ ዳብሳ "እኔም እዚሁ ልታረስ እንዴ?" አለች። ሕፃኗ እናቷ ደረት ላይ ተለጥፋ ተኛች፣ አንድም ጊዜ አላስነጠሰችም። ጉንጯ መሙላት ጀመረ፣ ከዚያ አገጯ፣ ከዚያ ድምፅዋ። አሁን ስታለቅስ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል።

እኔም ሥራዬን ትቼ የት እሄዳለሁ? የለበሰ ጭስ ማውጫ ክትትል ይፈልጋል። ጠዋት እሄዳለሁ፣ ግድግዳውን እዳብሳለሁ፣ አሸታለሁ፣ እግረ መንገዴንም እሳቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ አረፍ እላለሁ። የአራሷ ገንፎ ከመጣ አንድ ሁለት ጉርሻ እፈትሻለሁ። ከዚያ ሕፃኗን እቀበልና አብረን እናንቀላፋለን። እንዲህ ስንባጅ አንድ ቀን ተዋበች ከወንበሬ ፊት ቆመች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

"ዘነቡ፣ ጭሱ እንኳ በወጉ ወጣ፤ አንቺ መቼ ነው የምትወጪልን?"